ወደ ላይ የመውጣት ሒሳብ፤ የጆን ስኮት ሆልዴን ሕይወትና ሥራ

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው አውራ ጎዳና ቡራዩን አለፍ ሲሉ የሚገኘው የገፈርሳ የውኃ ማጠራቀሚያ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1940ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ለዋና ከተማዋ የመጠጥ ውኃ ሲያቀርብ የኖረ የምሕንድስና ሥራ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) መንገደኛው የሚያየው የውኃውን ገጽና የግድቡን አናት ብቻ ነው። መሐንዲሱን የሚያሳስበው ግን ከገጹ በታች ያለው ነው፤ ይኸውም የውኃው ማስገቢያ፣ የብረቱ ወንፊት፣ የመዝጊያው በርና በግድቡ እግር ሥር የሚከማቸው ደለል ነው። በየትኛውም ግድብ ከእነዚህ አንዱ ሲበላሽ ያለው ምርጫ ከሁለት አይበልጥም፤ ወይ ውኃውን አፍስሶ ከተማን ማስጠማት፣ ወይ ሰው ወደ ውኃው ጠልቆ ጉዳቱን እንዲያይና እንዲጠግን ማድረግ።

ለዚህ ሥራ የሚታጠቀው ሰው ምን እንደሚመስል፣ ባሕር አይቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ያውቀዋል። ያስተማረውም ሌላ ሳይሆን የካርቱን ሥዕል ነው። ክብ የመዳብ ራስ ቁር ከነመስተዋት መስኮቶቹ፣ ሶላቸው እርሳስ የሆነ ከባድ ጫማዎች፣ ከራስ ቁሩ ተነሥቶ ወደ ላይ የሚሄድ የጎማ ቱቦ፣ በጀልባው ላይ ደግሞ የፓምፑን መንኮራኩር የሚያሽከረክሩ ሁለት ሰዎች፤ ይህ ሥዕል በብዙ አገሮች ልጆች ዘንድ የታወቀ ነው። ቤልጂጋዊው ሠዓሊ ኤርዤ በ1943 ለ ሷር በተባለው ጋዜጣ ላይ በተከታታይ ባወጣው የቀዩ ራካም ሀብት በተሰኘው የቲንቲን ታሪክ፣ ወጣቱ ጋዜጠኛ ይህንኑ ልብስ ለብሶ የሰመጠ መርከብ ሲፈልግ፣ መንታ የሚመስሉት ሁለቱ ፖሊሶች ከላይ ፓምፑን ያሽከረክራሉ። በሌሎች ካርቱኖች ደግሞ ባለታሪኩ ከጠላቶቹ ለማምለጥ ወንዝ ውስጥ ገብቶ፣ በረጅም ሸምበቆ እየተነፈሰ ከወለሉ ላይ ተኝቶ ይውላል። ሐሳቡ ለእኛም አገር አዲስ አይደለም። በግእዝ የተጻፈው የእስክንድር ታሪክ ንጉሡ በመስተዋት ዕቃ ውስጥ ሆኖ ወደ ባሕር መውረዱን ይተርካል።

በእነዚህ ሥዕሎች ሁሉ የመውረጃው መሣሪያ በጥንቃቄ ይሣላል። መውጣቱ ግን ዋጋ የለውም፤ ባለታሪኩ በአንዱ ክፈፍ ከባሕሩ ወለል ላይ ሆኖ በሚቀጥለው ክፈፍ ከጀልባው ላይ ተቀምጦ ይታያል። እውነተኛው ጠላቂ ሽባ የሆነውና የሞተው በእነዚህ ሁለት ክፈፎች መካከል ባለው ባዶ ቦታ ነበር። ያንን ባዶ ቦታ በሒሳብ የሞላው ሰው መሐንዲስም መርከበኛም አልነበረም፤ ዕድሜውን በሙሉ ሰው የሚተነፍሰውን አየር ሲመረምር የኖረ ሐኪም ነው። ስሙም ጆን ስኮት ሆልዴን ይባላል።

ሆልዴን በ1860 በስኮትላንድ፣ በኤዲንብራ ከተማ ተወለደ። ቤተሰቡ በዘመኑ ከታወቁት አንዱ ነበር። ወንድሙ ሪቻርድ ሆልዴን በኋላ የብሪታንያ የጦር ሚኒስትር፣ ቀጥሎም የፍትሕ ሥርዓቱ የበላይ የሆነው ሎርድ ቻንስለር ሆኗል። አጎታቸው ጆን በርደን ሳንደርሰን ደግሞ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የታወቀ የፊዚዮሎጂ ሊቅ ነበር። ሆልዴን በ1884 በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርቱን ፈጸመ። ነገር ግን በሽተኛ አስቀርቦ መድኃኒት የሚያዝ ሐኪም መሆንን አልመረጠም። የሰውን ጤና የሚያውከው ነገር በሚሠራበትና በሚያድርበት ስፍራ ስለሚገኝ፣ መመርመር የሚገባውም እዚያው በስፍራው ነው ብሎ አመነ።

የመጀመሪያ ሥራውን የጀመረው በደንዲ ከተማ የድሆች መንደር ነው። ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ሰዎች ተጨናንቀው በሚያድሩባቸው ቤቶችና በትምህርት ቤቶች ውስጥ ያለውን አየር እየቀዳ መረመረ። ወደ ከተማ ፍሳሽ ቦዮች ወርዶም ብዙ ሰው የበሽታ ሁሉ ምንጭ አድርጎ ይፈራው የነበረውን የቦይ አየር ለካ። ውጤቱም ከተፈራው እጅግ ያነሰ ተሐዋስያን የያዘ ሆኖ ተገኘ። ከነዚህ ሥራዎች ጀምሮ የሆልዴን መንገድ ተለይቶ ታወቀ፤ አስቀድሞ መውረድ፣ ቀጥሎ መለካት፣ ከዚያ በኋላ መናገር።

ከ1887 አንሥቶ መኖሪያውን በኦክስፎርድ አደረገ። በ1891 ካትሊን ትሮተርን አገባ። ሁለት ልጆችም ወለዱ፤ ጃክ እየተባለ የሚጠራው ወንድ ልጁ በኋላ ታዋቂው የሥነ ሕይወት ሊቅ ጄ. ቢ. ኤስ. ሆልዴን፣ ሴት ልጁ ደግሞ ደራሲዋ ናኦሚ ሚቺሰን ናቸው። ሆልዴን በመኖሪያ ቤቱም ቤተ ሙከራ ስለነበረው፣ ልጆቹ በመርዛማ ጋዝና በአየር ግፊት ወሬ መካከል አደጉ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1896 በደቡብ ዌልስ በታይለርስታውን የከሰል ማዕድን ፍንዳታ ደርሶ 57 ሠራተኞች ሞቱ። ሆልዴን ወደ ስፍራው ሄዶ አስከሬኖቹን መረመረ። በዘመኑ የነበረው አስተሳሰብ ሠራተኞችን የሚገድላቸው ፍንዳታው ራሱ ነው የሚል ነበር። እሱ ግን ከሞቱት የሚበልጡት የሞቱት በፍንዳታው ኃይል ሳይሆን፣ ከፍንዳታው በኋላ በዋሻው ውስጥ በተሠራጨው ሽታ አልባ መርዝ፣ በካርቦን ሞኖክሳይድ መሆኑን አረጋገጠ። ይህ ግኝት ትርጉሙ ከባድ ነበር። በፍንዳታ የሞተን ሰው ማዳን አይቻልም፤ በጋዝ የሚሞት ሰው ግን ጋዙ ቀደም ብሎ ከታወቀ ይድናል።

ይህንን ጋዝ አስቀድሞ በራሱ ላይ ፈትኖት ነበር። ከደሙ ኦክሲጅን የመሸከም አቅም ከግማሽ በላዩ በጋዙ እስኪያዝ ድረስ እየተነፈሰ፣ የሚሰማውንና የሚታይበትን ለውጥ መዝግቧል። ከዚያም ለማዕድን ሠራተኞች አንድ ቀላል መሣሪያ አቀረበ። ትናንሽ እንስሳት አተነፋፈሳቸው ፈጣን ስለሆነ መርዙ ከሰው ቀድሞ ይጥላቸዋል። ስለዚህ አይጥ ወይም ካናሪ የምትባለውን ትንሽ ወፍ በጎጆዋ ይዞ መውረድ፣ ወፏ ስትንገዳገድ ወዲያው መውጣት። ይህ ልማድ በብሪታንያ ማዕድናት እስከ 1980ዎቹ ድረስ ዘልቋል።

በ1905 ሆልዴን ከጆን ፕሪስትሊ ጋር ሆኖ የአተነፋፈስን ሥርዓት የሚያብራራ ጥናት አወጣ። ሰው ቶሎ ቶሎ ወይም በዝግታ እንዲተነፍስ የሚያዝዘው፣ በተለመደው ሁኔታ የኦክሲጅን ማነስ ሳይሆን በሳንባ ውስጥ ያለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊት መሆኑን አሳዩ። በዚያው ዓመት የብሪታንያ ባሕር ኃይል ስለ ጥልቅ ጠለቃ የሚያጠና ኮሚቴ አቋቁሞ ሆልዴንን ጠራው።

ኮሚቴው የተረከበው ችግር ሁለት ነበር። መሣሪያው ራሱ በደንብ የታወቀ ነው። ትውልዱ ከጀርመን የሆነው የለንደኑ መሐንዲስ ኦገስተስ ሲቤ በ1830ዎቹ ራስ ቁሩን ውኃ ከማያስገባ ሙሉ ልብስ ጋር ካጋጠመው ወዲህ፣ የጠላቂው ልብስ እምብዛም አልተለወጠም። ይሁን እንጂ ጠላቂዎቹ ጥልቅ ስፍራ ሲደርሱ ትንፋሽ እያጠራቸው ሥራቸውን አቋርጠው ይወጡ ነበር። ሲወጡ ደግሞ አንዳንዶቹ መገጣጠሚያቸውን ያማቸዋል፤ ሌሎቹ እግራቸው ይከዳቸዋል፤ ጥቂቶቹም ይሞታሉ።

ሆልዴን የመጀመሪያውን ችግር ቀድሞ ባገኘው እውቀት ፈታው። ውኃ በየ10 ሜትሩ አንድ አትሞስፌር ያህል ግፊት ይጨምራል። በ50 ሜትር ጥልቀት ያለ ሰው 6 አትሞስፌር በሆነ አየር ውስጥ ይተነፍሳል ማለት ነው። በራስ ቁሩ ውስጥ ከመቶ አንድ እጅ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቢኖር፣ እዚያ ላለው ሰው በምድር ላይ ከመቶ ስድስት እጅ እንደ መተንፈስ ይሆንበታል። ስለዚህ ጠላቂው በየደቂቃው የሚያስፈልገው 42 ሊትር ያህል አየር፣ መለካት ያለበት ከላይ በፓምፑ ዘንድ ሳይሆን ከታች ባለው ግፊት ነው። በ10 ሜትር ሁለት እጥፍ፣ በ20 ሜትር ሦስት እጥፍ፣ በ50 ሜትር ስድስት እጥፍ አየር መላክ ያስፈልጋል። ሆልዴን ፓምፖቹንም መረመረ፤ ግፊቱ ሲጨምር አየር የሚያፈስሱ ሆነው ተገኙ። በካርቱኑ ሁለት ሰዎች ያለ ድካም የሚያሽከረክሩት መንኮራኩር፣ በእውነተኛው ጥልቀት ተደራርበው የሚሠሩ ፓምፖችንና ቶሎ ቶሎ የሚፈራረቁ ጠንካራ ሰዎችን የሚጠይቅ ሥራ ነው።

የሸምበቆውም ነገር በዚሁ ሒሳብ ይፈርሳል። አንድ ሜትር ጠልቆ የተኛ ሰው በደረቱ ላይ በእያንዳንዱ ካሬ ዴሲሜትር 10 ኪሎ ግራም ያህል ይጫነዋል፤ በሸምበቆው የሚመጣው አየር ግን በምድር ላይ ባለው ግፊት ነው። የደረት ጡንቻ ይህንን ልዩነት ለረጅም ጊዜ ማሸነፍ አይችልም። ሸምበቆው በረዘመ መጠንም፣ ሰውየው መልሶ የሚስበው የራሱን ያገለገለ ትንፋሽ ይሆናል።

ሁለተኛው ችግር መሐንዲሶችን ቀድሞ የጎዳ ነው። የድልድይ መሠረት በወንዝ ወለል ላይ ለመጣል፣ ከታች ክፍት የሆነና ውኃ እንዳይገባበት አየር በግፊት የሚሞላ ኬሶን የተባለ ትልቅ ሣጥን መጠቀም በ19ኛው መቶ ዓመት ተስፋፍቶ ነበር። በውስጡ ሲሠሩ የዋሉ ሰዎች ሲወጡ ይታመሙ ጀመር። የኒው ዮርክን የብሩክሊን ድልድይ ያሠራ የነበረው መሐንዲስ ዋሺንግተን ሮብሊንግ ራሱ በ1872 በዚህ ሕመም ተመትቶ፣ ሥራውን ከመኝታ ክፍሉ ሆኖ በሚስቱ በኤሚሊ አማካይነት ለመምራት ተገደደ። ፈረንሳዊው ፖል ቤር በ1878 ባሳተመው ጥናት ምክንያቱን ገለጸ። ሰውነት በግፊት ውስጥ ሳለ ከአየሩ ናይትሮጂን በደሙና በሥጋው ውስጥ ይሟሟል። ግፊቱ በድንገት ሲቀንስ፣ የአምቦ ውኃ ጠርሙስ ክዳኑ ሲከፈት እንደሚሆነው፣ የተሟሟው ጋዝ አረፋ ሆኖ ይወጣል። በጠርሙስ ውስጥ ጉዳት የሌለው አረፋ፣ በአከርካሪና በልብ ውስጥ ሲሆን ይገድላል።

ምክንያቱ ታወቀ እንጂ መፍትሔው አልታወቀም ነበር። የተለመደው ምክር ከታች እስከ ላይ ባንድ ዓይነት ዝግታ ውጡ የሚል ነው። ምን ያህል ዝግታ ይበቃል ለሚለው ጥያቄ ግን ሁሉም በግምት ይመልስ ነበር። ሆልዴን ከአርተር ቦይኮትና ከባሕር ኃይል መኮንኑ ከጋይ ዴማንት ጋር ሆኖ፣ በለንደን በሊስተር ኢንስቲትዩት በሚገኝ የብረት የግፊት ክፍል ውስጥ ሙከራ ጀመረ። ለሙከራውም 85 ፍየሎችን ተጠቀሙ። ፍየል በክብደቷ ከሌሎች የቤተ ሙከራ እንስሳት ይልቅ ወደ ሰው ትቀርባለች። ሕመሙ ሲጀምራትም የፊት እግሯን አንሥታ ስለምትቆም፣ መናገር ባትችልም ሕመሟን ታሳያለች።

ከነዚህ ሙከራዎች አንድ ቀላል ነገር ወጣ። ግፊቱ ከ2 አትሞስፌር ወደ 1 በድንገት ቢወርድ ጉዳት የለም። ከ4 ወደ 2፣ ከ6 ወደ 3 ቢወርድም ከሞላ ጎደል እንዲሁ ነው። ወሳኙ የግፊቱ ልዩነት ሳይሆን የግፊቱ ንጽጽር ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ከ50 ሜትር የሚወጣ ጠላቂ እስከ 20 ሜትር ድረስ በፍጥነት ሊወጣ ይችላል፤ እንዲያውም ይገባዋል፤ ምክንያቱም ታች በቆየ ቁጥር ተጨማሪ ናይትሮጂን ይጠጣል። ከዚያ በኋላ ግን በየ3 ሜትሩ እየቆመ መጠበቅ አለበት። ማረፊያዎቹም ወደ ላይ በቀረቡ ቁጥር ይረዝማሉ። ሆልዴን የሰውነትን ክፍሎች፣ ናይትሮጂን ለመቀበልና ለመልቀቅ በሚፈጅባቸው ጊዜ በአምስት መደባቸው። ፈጣኑ ክፍል በ5 ደቂቃ፣ ዘገምተኛው በ75 ደቂቃ ግማሹን ይሞላል። በዚህም ለየጥልቀቱና ለየቆይታው ጊዜ የመውጫ ሠንጠረዥ ሠራ።

ሠንጠረዥ በወረቀት ላይ ሲያምር ማየትና ሰው አምኖበት ሲወርድ ማየት የተለያዩ ናቸው። በ1906 በጋ ስፓንከር በተባለችው የባሕር ኃይል መርከብ፣ በስኮትላንድ ምዕራባዊ ዳርቻ በሚገኙ ሰላጤዎች የሰው ሙከራ ተደረገ። ዴማንት ራሱና ጠላቂው አንድሪው ካቶ ከ64 ሜትር ጥልቀት ደርሰው፣ በሠንጠረዡ መሠረት እየቆሙ ያለ ጉዳት ወጡ። ሆልዴን የ13 ዓመት ልጁን ጃክንም ወስዶት ነበር። ልጁ ለትልቅ ሰው የተሠራ ልብስ ለብሶ ወረደ፤ ልብሱ ስለሰፋው ውኃ ቢያስገባበትም በሰላም ወጣ። ይህ የአባት ድፍረት ነው ወይስ ግዴለሽነት የሚለው፣ የሕይወት ታሪኩን የሚያነብ ሰው ሁሉ ሳይጠይቅ የማያልፈው ነገር ነው። ቢያንስ ግን ሆልዴን ለራሱና ለልጁ የማይደፍረውን ለሌላው ሰው አላዘዘም።

ጥናቱ በ1908 ታተመ፤ የብሪታንያ ባሕር ኃይልም ሠንጠረዡን ተቀበለ። ትልቁ ፈተና የመጣው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። በ1917 ሎረንቲክ የተባለችው መርከብ 3,211 የወርቅ ጡቦች ጭና በአየርላንድ ሰሜናዊ ዳርቻ በፈንጂ ተመትታ፣ ወደ 40 ሜትር በሚጠጋ ጥልቀት ሰመጠች። ወርቁን የማውጣቱ ሥራ ለዚያው ለዴማንት ተሰጠው። ሥራው በየጊዜው እየተቋረጠ እስከ 1924 ቆየ። ከ5,000 ጊዜ በላይ ተጠልቆ 3,186 ጡቦች ሲወጡ አንድም ሰው አልሞተም። በካርቱኑ የሰመጠ ሀብት የሚያወጣው ባለታሪክ አንድ ጊዜ ወርዶ ሣጥኑን ታቅፎ ይወጣል። የሎረንቲክ ጠላቂዎች ግን እያንዳንዷን ደቂቃ እየቆጠሩ በገመድ ላይ ተንጠልጥለው በመጠበቅ ሠርተዋል።

ሆልዴን ወደ ታች ብቻ የተመለከተ ሰው አልነበረም። በ1911 ከባልደረቦቹ ጋር በአሜሪካ ኮሎራዶ ወደሚገኘው ፓይክስ ፒክ ተራራ ወጥቶ፣ 4,300 ሜትር ከፍታ ባለው ጫፍ ላይ አምስት ሳምንት ያህል ተቀመጠ። ቀጭን አየር በሚተነፍስ ሰው ላይ ትንፋሹ እንዴት እንደሚጨምር፣ የደሙ ቀይ ቀለም እንዴት እንደሚበዛ እየለኩ መዘገቡ። በዚሁ ጥናት ግን የሕይወቱን ትልቁን ስሕተት አጸና። ሳንባ ኦክሲጅንን ወደ ደም በራሱ ኃይል ይገፋል የሚል እምነት ነበረው። ጆሴፍ ባርክሮፍትና ሌሎችም ይህ አለመሆኑን በሙከራ ካሳዩ በኋላም እንኳ፣ እምነቱን እስከ ዕለተ ሞቱ አልለወጠም። ሌላውን ሁሉ በመለኪያ የዳኘ ሰው በዚህ አንድ ነገር መለኪያው እንዲዳኘው አለመፍቀዱ ያሳዝናል።

በ1915 ጀርመኖች በምዕራቡ ግንባር መርዝ ጋዝ ሲለቅቁ ሆልዴን ወደ ፈረንሳይ ተላከና ጋዙ ክሎሪን መሆኑን አረጋገጠ። ከዚያም በኦክስፎርድ ከባልደረቦቹ ጋር ጋዙን ራሳቸው እየተነፈሱ መከላከያ ጭንብል ለመሥራት ደከሙ።

ከጦርነቱ በኋላ ያለውን ዘመኑን ያሳለፈው በማዕድን ምርምር ነው። የማዕድን መሐንዲሶች ማኅበር ከ1924 እስከ 1928 ፕሬዚዳንቱ አድርጎ መረጠው። ሐኪም በመሐንዲሶች ማኅበር ራስ ላይ መቀመጡ ያልተለመደ ነው። ማኅበሩ ግን ሠራተኛው የሚተነፍሰው አየርም እንደ ዋሻው ድጋፍ እንጨትና እንደ ማንሻው ገመድ ሁሉ የምሕንድስናው አካል መሆኑን በዚህ ምርጫ መሰከረ። በ1934 የብሪታንያ ሮያል ሶሳይቲ ከሽልማቶቹ ሁሉ ከፍተኛ የሆነውን የኮፕሊ ሜዳሊያ ሰጠው። በ75 ዓመቱም ቢሆን አላረፈም። በመካከለኛው ምሥራቅ በነዳጅ ማጣሪያ ሠራተኞች ላይ ስለሚደርሰው የሙቀት ሕመም ለማጥናት ተጉዞ ከተመለሰ በኋላ፣ በመጋቢት ወር 1936 በኦክስፎርድ አረፈ።

የሆልዴን ሠንጠረዥ ከእሱ በኋላ ብዙ ተሻሽሏል። ለረጅምና ለጥልቅ ጠለቃ ያስቀመጠው ንጽጽር በቂ ጥንቃቄ የሌለው ሆኖ ስለተገኘ፣ የአሜሪካ ባሕር ኃይልና ሌሎችም አርመውታል። የአስተሳሰቡ መሠረት ግን አልተናደም። ሰውነትን በተለያየ ፍጥነት በሚሞሉና በሚጎድሉ ክፍሎች ከፍሎ ማስላት፣ ዛሬም ጠላቂዎች በእጃቸው በሚያስሩት ኮምፒዩተር ውስጥ ይሠራል።

ለኢትዮጵያ መሐንዲስ በተለይ የሚመለከተው ግን ሌላ ነገር ነው። ሆልዴን ወደ ጥልቅም ወደ ተራራም ሄዷል፤ ሁለቱን ጥናቶች በአንድ ሠንጠረዥ አላጣመራቸውም። ሠንጠረዡ የተሠራው ጠላቂው ወጥቶ የሚተነፍሰው አየር 1 አትሞስፌር ነው በሚል መነሻ ነው። የገፈርሳ ውኃ የሚገኘው ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ነው። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት 0.73 አትሞስፌር ያህል ብቻ ነው። በባሕር 10 ሜትር የጠለቀ ሰው ከ2 ወደ 1 ይወጣል፤ ንጽጽሩ 2 ነው። በገፈርሳ ከፍታ 10 ሜትር የሚጠልቅ ሰው ከ1.73 ወደ 0.73 ስለሚወጣ ንጽጽሩ 2.4 ገደማ ይሆናል። በሆልዴን ደንብ ያለ ማረፊያ የሚወጣበት ጥልቀትም ከ10 ሜትር ወደ 7.3 ሜትር ይወርዳል። በሌላ አነጋገር፣ በዚያ ከፍታ 10 ሜትር የወረደ ሰው በባሕሩ ሠንጠረዥ ላይ 14 ሜትር፣ 20 ሜትር የወረደ ሰው ደግሞ 27 ሜትር ገደማ እንደ ወረደ ተደርጎ መታሰብ አለበት። በሜትር የተለካው ጥልቀት እውነት ቢሆንም፣ ባልተስተካከለ ሠንጠረዥ ላይ ያ እውነተኛ ቁጥር ሰውን ያሳስታል።

ከባሕር ወደ ደጋ የሚመለስ መንገደኛም በዚሁ ሕግ ሥር ነው። በምፅዋ ጠልቆ የዋለ ሰው በዚያው ዕለት በመኪና 2,325 ሜትር ላይ ወደምትገኘው አስመራ ቢወጣ፣ ከባሕር ከወጣ በኋላ እንደገና መውጣቱን ቀጥሏል ማለት ነው። ለተራራ ሐይቆች የሚሆን ሠንጠረዥ በስፋት የተሠራው ከሆልዴን ሞት በኋላ ነው። ከሠሩትም መካከል ዙሪክ ይኖር የነበረው ሐኪም አልበርት ቡልማን (1923–1994) የሆልዴንን አምስት ክፍሎች ወደ 16 አሳድጎ ለስዊዘርላንድ ተራራማ ሐይቆች አስልቷል። ስሌቱ ቀደም ሲል ተሠርቷል። የሚቀረው፣ በደጋ ግድብ ላይ ጠላቂ እንዲወርድ የሚፈርመው መሐንዲስ ሥራው የሚከናወንበትን ከፍታ በውሉም በሥራ መመሪያውም ላይ መጻፉና የያዘው ሠንጠረዥ ለየትኛው ከፍታ እንደ ተሠራ መጠየቁ ነው።

ካርቱን ሠዓሊው ከሁለቱ ክፈፎች መካከል ያለውን ጊዜ በመዝለሉ የሚወቀስ አይደለም፤ ሥራው ማስደሰት ነው። መሐንዲስ ግን ያንን ጊዜ መዝለል አይፈቀድለትም። ጠላቂው ሥራውን ጨርሶ፣ የመጨረሻው ማረፊያ ከሆነው ከ3 ሜትር ላይ ቆሞ ብርሃኑን እያየ ሲጠብቅ፣ ከግድቡ ላይ ሆኖ ገመዱን የያዘው ሰው ብርዱና መሽቶ መሄዱ ያስቸኩሉታል። በዚያች ሰዓት ውጣ የማይለው፣ በእጁ የያዘውን ሠንጠረዥ ካመነው ብቻ ነው። ሠንጠረዡም ሊታመን የሚገባው ከስፍራው ከፍታ ጋር የተስማማ ሲሆን ነው።